ደንቡን ማን ጻፈው? የሲያትል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ወላጆቻቸው

ነሐሴ ተገባዶ ጳጉሜን ሲቃረብ፣ ቤቱ ለእንቁጣጣሽ መሰናዳት በጀመረበት ሰሞን፣ የሲያትል ትምህርት ቤቶች ይከፈታሉ። ከደወሉ ቀድሞ ግን ወረቀቱ ይደርሳል፦ የቤት ቋንቋ መጠይቅ፣ የክትባት ማስረጃ፣ በአደጋ ጊዜ የሚጠሩ ሰዎች ካርድ፣ የአለርጂ ቅጽ፣ የቀሪና የአርፋጅ ደንብ፣ የደወል ሰዓት። በሬኒየር ቫሊ፣ በቢከን ሂል ወይም በሴንትራል ዲስትሪክት የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ ይህን ሁሉ የሚያየው ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ ወይም ወደ ሥራ ሲጣደፍ ነው። ፈርሞ ይመልሰዋል። ደንቡ ከላይ የወረደ፣ ወላጅ የሚቀበለው እንጂ የሚጠይቀው ነገር አይመስለውም።

የከተማይቱን የትምህርት ታሪክ ባገላበጥኩ ቁጥር የማገኘው ግን ሌላ ነው። ከእነዚህ ወረቀቶች ውስጥ ሰው ሳይሟገትበት፣ ሳይሰለፍበት፣ አንዳንዴም ሕይወት ሳይጠፋበት የተጻፈ መስመር ጥቂት ነው። ከብዙዎቹም ጀርባ ወላጆች አሉ። (ከዚህ በታች ዓመቶቹም ወራቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ለማየት የሚያዳግተን ከመጣንበት የትምህርት ልማድ የተነሳ ይመስለኛል። በአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ለየኔታ ከተሰጠ በኋላ ፊደሉም፣ ዳዊቱም፣ ቅጣቱም የየኔታ ነበር። በ1908 በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ከግብፅ የመጡ መምህራን ማስተማር ሲጀምሩም የወላጅ ቦታ ብዙ አልተለወጠም። ልጁን አጥቦ፣ ደብተር ገዝቶ ይልካል፤ በቃ። ወላጅ የትምህርት ቤቱን ግቢ የሚረግጠው ለምዝገባና ልጁ ሲያጠፋ ነበር። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ያረፈደ፣ መስኮት የሰበረ፣ ጓደኛውን የደበደበ ተማሪ «ነገ ወላጅ አምጣ» ይባላል። ያን የሰማ ልጅ እናቱን ወይም አባቱን ላለመጥራት አጎቱን፣ ታላቅ ወንድሙን፣ ካልሆነም የሰፈር ጎረምሳ ሲለማመጥ ያመሻል። ወላጅ የሚጠራው ለጥፋት ብቻ በሆነበት ያደገ ሰው ከልጁ ትምህርት ቤት ስልክ ሲደወልለት ልቡ ቢደነግጥ አያስደንቅም። የሲያትል ትምህርት ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይደውላል።

የሲያትል ትምህርት ቤት ሲጀመርም እንዲህ የተደራጀ አልነበረም። በጥር 1854 የመጀመሪያውን ክፍል የከፈተችው የቄስ ሚስት የነበረችው ካትሪን ብሌን ናት፤ ከስድስት ዓመት በፊት በኒው ዮርክ ሴኔካ ፎልስ የሴቶችን መብት መግለጫ ከፈረሙት አንዷ ነበረች። ወላጆች በየልጃቸው ልክ ይከፍሉ ነበር። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራው የመጀመሪያው ትምህርት ቤት፣ ሴንትራል ስኩል፣ የተከፈተው በነሐሴ 1870 ነው። መምህርቷ ኤልዛቤት ኦርድዌይ አንድ ራሷን ነበረች፤ ከመጣው ልጅ ብዛት የተነሳ ትንንሾቹን ወደ ቤት ለመመለስ ተገደደች። ከ1901 እስከ 1922 ከተማይቱን በትምህርት ኃላፊነት የመራው ፍራንክ ኩፐር ዘመን ሲደርስ ትምህርት ቤት ከፊደል አልፎ የልጁን ጥርስ፣ ዓይንና ክትባት የሚጠይቅ ተቋም ሆነ። ዛሬ ነርሷ የምትልከው ቅጽ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። የክትባቱ ደንብ ግን የጠበቀው በቅርቡ ነው፦ በ2019 በክላርክ ካውንቲ ኩፍኝ ከተዛመተ በኋላ የዋሽንግተን ግዛት በግል አመለካከት ምክንያት የኩፍኝን ክትባት መተው እንዳይቻል ሕግ አወጣ። በጥር 2020 የክትባት ማስረጃቸው ያልተሟላ የሲያትል ልጆች ማስረጃው እስኪመጣ ከክፍል እንዲቀሩ ተደረገ።

ወላጆች ያስጻፉት ሁሉ መልካም ነው እንዳልል የሚያደርገኝ አንድ ታሪክ አለ። በ1942 መጀመሪያ፣ ጃፓን ፐርል ሃርበርን በመታች በወራት ውስጥ፣ በምዕራብ ሲያትል የጌትውድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እናቶች በየትምህርት ቤቱ ቢሮ የሚሠሩ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ጸሐፊዎች እንዲነሱ ፊርማ አሰባሰቡ። 27 ወጣት ሴቶች፣ ሁሉም እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ወይም ያደጉ፣ በየካቲት ሥራቸውን ለመልቀቅ ተገደዱ። በዚያው ዓመት ጸደይ ቤተሰቦቻቸው ወደ ማጎሪያ ተወሰዱ። ኤዳ ማሆን በምትመራው በቤይሊ ጋትዘርት ትምህርት ቤት ግማሽ የሚጠጋው ወንበር ባዶ ሆነ። ካሳና ይቅርታ ጸሐፊዎቹ ጋ የደረሰው በ1980ዎቹ ነው። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ማለት ወላጅ በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያያት፣ የዘገየ ልጅ ስም የምትመዘግብ፣ የታመመ ልጅ ቤት የምትደውል ሴት ናት። ከዚያ ወንበር ማን ይነሣል፣ ማን ይቀመጣል የሚለውን የወሰነው የወላጆች ፊርማ ነበር። ያልፈረሙት፣ ዝም ያሉት ወላጆችም ከውሳኔው ውጭ አልነበሩም።

የአደጋ ጊዜ ካርዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነውና።

ሚያዝያ 13 ቀን 1949 ሲያትልን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። የላፋዬት ትምህርት ቤት ትልቁ የጡብ ግንባር ተደረመሰ። ሳምንቱ የጸደይ ዕረፍት ስለነበር በሕንፃው ውስጥ ልጆች አልነበሩም። በታኮማ ግን ልጆች ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ በሎዌል ትምህርት ቤት ማርቪን ክሌግማን የተባለ የ11 ዓመት ልጅ ትንሽ ልጅ ለማዳን ሲል ጡብ ወድቆበት ሞተ። የካቲት 28 ቀን 2001፣ ረፋድ ላይ፣ የኒስኳሊ መንቀጥቀጥ መጠኑ 6.8 ሆኖ ሲመዘገብ ደግሞ የሲያትል ልጆችም ትምህርት ላይ ነበሩ። ዛሬ በየወሩ የሚደረገው ልምምድ፣ ልጆች ጠረጴዛ ሥር መግባታቸው፣ ወላጅ ልጁን በስሙና በመታወቂያው ብቻ መረከቡ ከዚህ ይመነጫል።

አሁን ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ካርዱን ሲሞላ አስቡት። ልጁ በአባቱ ስም ይጠራል፤ አባትየው በራሱ አባት ስም፤ እናትየዋ በራሷ አባት ስም። በአሜሪካ ወረቀት ላይ ሦስቱም የተለያየ «የቤተሰብ ስም» አላቸው፤ ቢሮዋ ውስጥ ያለችው ጸሐፊ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ታያለች። ለዚህ ነው የወላጆች ሙሉ ስም በመታወቂያቸው ላይ እንዳለው፣ ሆሄው ሳይለወጥ መጻፍ ያለበት። ከዚያ ደግሞ ልጅ የመረከብ ልማዳችን አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ጎረቤት፣ የክርስትና እናት፣ የእድር ጓደኛ፣ ቀድሞ የወጣ ማንም የሰፈር ሰው የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ይመጣል። እዚህ ስሙ በካርዱ ላይ የሌለ ሰው ልጁን አይወስድም፤ አጎትም ቢሆን፣ ልጁ ሮጦ አንገቱ ላይ ቢጠመጠምም። አባት ከአየር ማረፊያ ሥራው መውጣት ያልቻለ ቀን፣ እናትም በሽተኛ አጠገብ ያለች ቀን፣ ካርዱ ላይ ሁለት ስም ብቻ ከሆነ ልጁ ቢሮ ተቀምጦ ያመሻል። አራትና አምስት የታመኑ ሰዎችን ስም መጻፍ ይቻላል። የተለወጠ ስልክ ቁጥር በዓመቱ መካከል መታረም አለበት። ልጅን በጋራ ማሳደጋችን ጥሩ ነገራችን ነው፤ ወረቀቱ ላይ እስካልሰፈረ ድረስ ግን ትምህርት ቤቱ አያውቀውም።

ስለ ምግቡ ባጭሩ ልበል። የትምህርት ቤት ምሳ የፌዴራል ሕግ የሆነው ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1946 በፈረሙት አዋጅ ነው። ቁርስ ግን ዘግይቶ መጣ። በ1968 በሲያትል የተቋቋመው የብላክ ፓንተር ፓርቲ ቅርንጫፍ፣ በኤረን ዲክሰን መሪነት፣ ባዶ ሆዳቸውን ክፍል የሚገቡ ልጆችን ጠዋት ጠዋት ማብላት ጀመረ። የመንግሥት የቁርስ መርሐ ግብር ቋሚ የሆነው በ1975 ነው። ፓንተሮቹ ይንቀሳቀሱበት በነበረው በሴንትራል ዲስትሪክት፣ በቼሪ ጎዳና ላይ፣ በኋላ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ተከፈቱ። ዛሬ በሁዳዴ ልጁ የጾም ምግብ እንዲሰጠው የሚፈልግ፣ ወይም የአሳማ ሥጋ እንዳይቀርብለት የሚጠይቅ ቤተሰብ ለመምህሩና ለትምህርት ቤቱ ምግብ ክፍል አስቀድሞ ቢናገር ይሰማል። ጠያቂ ሲበዛ ምርጫው ይበዛል።

ከሁሉ ይልቅ የእኛን ቤተሰብ የሚነካው የቋንቋው ታሪክ ነው። ስደተኞች የመቀበያው ሕግ በ1980 ከወጣ በኋላ ከሱዳን ካምፖች የመጡ ኢትዮጵያውያን ሲያትል ሲደርሱ፣ ልጆቻቸው የገቡበት የእንግሊዝኛ መማሪያ ክፍል በሕግ መብት የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ ወደ 1,800 የሚጠጉ ቻይናውያን ተማሪዎች በማይገባቸው ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ፣ ብቻ ሲማሩ ወላጆቻቸው ከሰሱ። ጥር 21 ቀን 1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው፦ ለማይገባው ልጅ ያንኑ መጽሐፍ፣ ያንኑ መምህር፣ ያንኑ ወንበር መስጠት እኩልነት አይደለም አለ። የዋሽንግተን ግዛት በ1979 የራሱን የሁለት ቋንቋ ትምህርት ሕግ አወጣ። በ1982 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ልጅም በሕዝብ ትምህርት ቤት የመማር መብት እንዳለው ወሰነ፤ ስለዚህ በምዝገባ ጊዜ ትምህርት ቤቱ የቤተሰቡን የስደት ሁኔታ አይጠይቅም፤ ወላጅም የሚያስረዳው ነገር የለም።

የቤት ቋንቋ መጠይቁ የመጣው ከዚህ ነው። ብዙ ወላጆች ግን ይፈሩታል። «አማርኛ» ብለው ከጻፉ ልጃቸው ከጓደኞቹ ተለይቶ «ደካማ» ተብሎ የሚቀር ይመስላቸውና «እንግሊዝኛ» ብለው ያልፋሉ። ይህን አድርገው የተጎዱ ልጆች አይቻለሁ። አቀላጥፎ የሚያወራ የአንደኛ ክፍል ልጅ ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ፣ ንባቡ ሲከብድ፣ ችግሩ ምን እንደሆነ የሚያውቅለት ሰው አያገኝም፤ ማንም አልፈተነውማ። መጠይቁ የሚያስከትለው ፈተና ነው፤ ልጁ ካለፈ ጉዳዩ ያበቃል። ካላለፈ ተጨማሪ መምህር ያገኛል። ወላጅ አገልግሎቱን አልፈልግም ማለትም ይችላል፤ እኔ ግን አልመክርም።

ወላጁ ራሱም መብት አለው። የሲያትል ትምህርት መሥሪያ ቤት ዋና ዋና ማስታወቂያዎቹን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በቬትናምኛ፣ በቻይንኛና በስፓኒሽ ያወጣል። በ2022 ግዛቱ ያወጣው ሕግ ደግሞ ትምህርት ቤቶች ለቤተሰብ የሰለጠነ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አገልግሎቱ በነጻ ነው። ይህን የምጠቅሰው በኅዳር መጨረሻ በሚደረገው የወላጅና የመምህር ስብሰባ አሁንም የዘጠኝ ዓመት ልጅ በእናቱና በመምህርቷ መካከል ተቀምጦ ስለ ራሱ ጸባይና ውጤት ሲያስተረጉም ስለሚታይ ነው። ልጁ የከበደውን ይዘላል፣ የጣመውን ያጋንናል። እናት ያልተነገራትን ነገር ይዛ ትወጣለች። ከሁሉ የከፋው በቤት ውስጥ የእናትና የልጅ ቦታ መናጋቱ ነው። አስተርጓሚ ለመጠየቅ አንድ ሳምንት ቀድሞ ለጸሐፊዋ «አማርኛ» ማለት ብቻ ይበቃል።

ስለ መቅረት ያለው ደንብ ደግሞ በአንዲት ልጅ ስም ይጠራል። ርብቃ ሄድማን ከታኮማ ነበረች፤ ከቤት ጠፍታ በ1993 በስፖኬን ስትገደል 13 ዓመቷ ነበር። ወላጆቿ ልጅ ሲጠፋ የሚረዳ ሕግ አለመኖሩን እየዞሩ አሳወቁ፤ በ1995 የወጣውም ሕግ «ቤካ ቢል» ተባለ። በግዛቱ ትምህርት ግዴታ የሚሆነው ከ8 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ስድስትና ሰባት ዓመት የሆነ ልጅም አንዴ ከተመዘገበ ደንቡ ይመለከተዋል። ልጅ ያለ ፈቃድ ቀሪ ሲሆን ትምህርት ቤቱ ለወላጅ ማሳወቅ፣ በወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲቀር ወላጅን ጠርቶ መነጋገር አለበት። በወር 7 ወይም በዓመት 15 ቀን ሲደርስ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። በፈቃድም ሆነ ያለ ፈቃድ ከ180 የትምህርት ቀን 18ቱን የቀረ ልጅ እንደ ሥር የሰደደ ቀሪ ይቆጠራል።

ጥሪው «ወላጅ አምጣ» አይደለም። ያ ስልክ የሚደወለው ልጁን ፍለጋ ነው። ሆኖም ደንቡ በእኛ ቤት ሁለት ችግር ይፈጥራል። አንደኛው አገር ቤት መሄድ ነው። ለጥምቀት ወይም ለሠርግ በጥር የሄደ ቤተሰብ ስድስትና ሰባት ሳምንት ይቆያል። ልጅ 20 ተከታታይ የትምህርት ቀን ከቀረ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ሲመለስ እንደገና ይመዘገባል፤ የነበረበት ክፍል ሞልቶ ሊያገኘው ይችላል። ከመሄድ በፊት ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግሮ በጽሑፍ መስማማት ይህን ሊያስቀር ይችላል። ሁለተኛው በዓል ነው። የገና ዕረፍት የሚያበቃው በጥር መጀመሪያ ነውና የእኛ ገና፣ በአውሮፓውያን ጥር 7፣ ብዙ ጊዜ ትምህርት በተከፈተ በቀናት ውስጥ ይውላል። ከ2014 ጀምሮ በዋሽንግተን ግዛት ተማሪ በሃይማኖቱ ምክንያት በዓመት ሁለት ቀን በፈቃድ እንዲቀር ሕግ ይፈቅዳል። ወላጅ አስቀድሞ ይጠይቅ እንጂ «ታሟል» ብሎ መዋሸት አያስፈልገውም። ስቅለትም በዚሁ ይሸፈናል። በ2026 ጥምቀት ከማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ጋር ስለዋለ ትምህርት ቤቱም ዝግ ነበር።

ስለ ቅጣት፣ አገር ቤትም ሕጉ ተለውጧል፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ መሆኑን ይደነግጋል። የዋሽንግተን ግዛትም አካላዊ ቅጣትን በ1993 ከልክሏል። ሲያትል በ2015 ደግሞ አንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን በመረበሽና ባለመታዘዝ ብቻ ከትምህርት ማገድ አቆመ፤ ከሚታገዱት ውስጥ ጥቁር ልጆች መብዛታቸው ወላጆችን አስቆጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ካገኟቸው ነገሮች አንዱ ለልጆች ቢያንስ የ30 ደቂቃ የጨዋታ ዕረፍት ነው፤ በደቡብ ሲያትል ያሉ ልጆች አጭር ዕረፍት እንደሚሰጣቸው ወላጆች ቀድመው ሲናገሩ ቆይተዋል። በ2023 ግዛቱ ይህንኑ ሕግ አደረገው፤ ልጅን ለመቅጣት ዕረፍቱን መንሣትም የማይደገፍ ሆነ። በልጅነቱ ለቅጣት ተንበርክኮ ለዋለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። መምህራን በልጅ ላይ ጉዳት ደርሷል ብለው ከጠረጠሩ ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ እንዳለባቸውም ማወቅ ይገባል፤ ግዴታው የሁሉም ነው፣ በእኛ ላይ የተለየ አይደለም። ይህን ፈርቶ ከመምህር መሸሽ ግን ልጁን ብቻውን ያስቀረዋል።

የደወሉ ሰዓት ከሁሉ የሚያስቸግረው ነው። በ2016 ሲያትል ታዳጊዎች ተጨማሪ እንዲተኙ ብላ የሁለተኛ ደረጃን ሰዓት አዘገየች፤ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እንዳሳዩት ተማሪዎቹ በአማካይ 34 ደቂቃ ተጨማሪ ተኝተዋል። አውቶቡሶቹ ግን ያው ናቸውና ብዙዎቹ አንደኛ ደረጃዎች ለሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው የሚጀምሩ ሆኑ። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ ልጆች 75 ደቂቃ ቀድመው ይለቀቃሉ፤ መምህራን አብረው እንዲሠሩበት ነው። ታክሲ ለሚነዳ፣ አረጋውያን ለሚንከባከብ ወላጅ የረቡዕ ከሰዓት በየሳምንቱ የሚደገም ጭንቀት ነው። የሰዓቱ ውሳኔ ሲጠና የሌሊት ሠራተኛ ወላጆች ድምፅ ምን ያህል እንደተሰማ እጠራጠራለሁ።

ልጅ የት ትምህርት ቤት ይገባል የሚለውም በትግል የተወሰነ ነው። መጋቢት 31 እና ሚያዝያ 1 ቀን 1966 በሺህ የሚቆጠሩ የሴንትራል ዲስትሪክት ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው በአብያተ ክርስቲያናትና በማኅበረሰብ አዳራሾች በተከፈቱ «የነጻነት ትምህርት ቤቶች» ዋሉ፤ በትምህርት ቤት ያለውን የዘር መለያየት በመቃወም። ከ1978 ጀምሮ ልጆች በአውቶቡስ ከሰፈር ሰፈር ተወሰዱ። በኋላ ሌሎች ወላጆች በምደባ ጊዜ የልጅ ዘር መታየቱን ተቃውመው ተሟገቱ፤ በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ዘርን የማየቱን አሠራር ሻረ። ዛሬ ልጅ የሚመደበው በሰፈሩ ነው፤ ሀብታም ሰፈር ያለው የወላጆች ማኅበር ገንዘብ አሰባስቦ ተጨማሪ መምህር ሲቀጥር፣ የደቡቡ አይችልም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ 100 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ የነበራት ከተማ አሁን ወደ 49 ሺህ ገደማ አላት። በመስከረም 2024 ትምህርት መሥሪያ ቤቱ እስከ 21 የሚደርሱ አንደኛ ደረጃዎችን ለመዝጋት ሐሳብ አቀረበ። ወላጆች አዳራሹን ሞሉት። በጥቅምት ቁጥሩ ወደ 4 ወረደ፤ በኅዳር ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ተነሣ። የበጀት ጉድለቱ ግን አልተነሣም፤ ጥያቄው ሊመለስ ይችላል። ውሳኔው የሰባት ተመራጭ የቦርድ አባላት ነው፤ ለመምረጥ ዜግነት ይጠየቃል፤ ለመናገር ግን ዜግነት አይጠየቅም። ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው ሁለት ደቂቃ ነው፤ ስም ቀድሞ ይመዘገባል፤ አስተርጓሚም እንደ ልጁ ስብሰባ ሁሉ ቀደም ብሎ ይጠየቃል።